ሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ ሐሞት ሲፈስ፦ ሪፈር መቼ?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደባርቅ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ወደ ቤት የተመለሱ ሕሙማን ችግር ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚመጡት እኛ ጋ ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሆድ ይነፋል፣ ምግብ አልወርድ ይላል፣ ትኩሳት ባይኖርም የልብ ምት 110 ይደርሳል። አልትራሳውንድ «ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ የሐሞት ቱቦ አልሰፋም» ይላል፤ ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይን የሚያቢጨው የሐሞት ቀለም) 2 ገደማ ነው። አንቲባዮቲክ ጀምሬ ስንት ቀን ልጠብቅ? ሪፈር ወረቀቱ ላይስ ምን ይኑር?

ቀዶ ሐኪም፣ ጎንደር
ዶክተር፣ አይጠብቁ። ከ48 ሰዓት በኋላ ሕመሙ እየባሰ የሄደ፣ ሆዱ የተነፋና መብላት ያቃተው ሰው ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የቱቦ ጉዳት እንዳለበት ይቆጠራል።

ቢሊሩቢን 2 መሆኑ አያዘናጋዎት። ሐሞቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ እየፈሰሰ ከሆነ መውጫ ስላገኘ ጉበት ውስጥ አይታቆርም፤ ወደ ደም የሚመለሰው ከሆድ ዕቃ ሽፋን የተመጠጠው ብቻ ነው። ዓይን ቢጫ ሳይሆን ሕመምተኛው ሊመረዝ ይችላል። ቱቦውም የማይሰፋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ «አልሰፋም» የሚለው ውጤት የተዘጋ ቱቦን ያርቅ ይሆናል እንጂ የሚፈሰውን አያርቅም። ድሬን (ከሆድ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ) ካለ ፈሳሹን ላቦራቶሪ ይላኩት፦ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የድሬኑ ቢሊሩቢን ከደሙ ሦስት እጥፍና በላይ ከሆነ ሐሞት እየፈሰሰ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መለየት አለበት፦ ቶሎ ሪፈር ማለትና ቶሎ መጠገን ማለት አንድ አይደሉም። ስልኩ የሚደወለው በጠረጠሩበት ቀን ነው። ጥገናው ግን የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ካለፉና ኢንፌክሽን ከገባ ብዙ ጊዜ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ የተቆጣ ቱቦ ስፌት አይዝምና። እስከዚያ የተጠራቀመውን ማውጣት፣ ኢንፌክሽኑን ማጥፋትና ሰውየውን መመገብ ነው ሥራው። ሆድ ከፍቶ «ልሞክረው» ማለት ከሁሉ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካ በወጣ ጥናት የመጀመሪያው ሐኪም ራሱ ሲጠግን የተሳካው 17 በመቶ ብቻ ነበር፤ በዚህ ሙያ የሠለጠኑት ሲጠግኑ ግን 94 በመቶ። ያልተሳካ ሙከራ ደግሞ ጤነኛውን ቱቦ ስለሚያሳጥር ጉዳቱን ወደ ጉበት ያስጠጋዋል።

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት
ከመንገድ በፊት፦ አንቲባዮቲክ (በየጤና ተቋሙ የሚገኘው ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ለመነሻ ይሆናል)፣ ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ የሽንት ቱቦ፣ ቫይታሚን ኬ። ሐሞት ወደ አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፣ ደም መርጋትም ይታወካል። ጉበት በቀን ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ይህ ሁሉ በድሬን ከወጣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት አብሮ ስለሚሄድ በየቀኑ እየለኩ ይተኩ። ድሬኑን ለጉዞ ብላችሁ አታውጡት።

ጉዳቱ ኦፕራሲዮን ላይ እያሉ ከታየ ማቆም ነው። ቱቦውን ፍለጋ አትቆፍሩ፣ ጫፉን በክሊፕ (ትንሽ መቆንጠጫ) አትዝጉ፤ ክሊፑ ያለበት ጫፍ ሊሞትና ጉዳቱ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከጉበት በታች ድሬን አስቀምጡና ስልክ አንሡ።

ሲስተር፣ ሊያዞን (የሪፈር አስተባባሪ)
መረጃው ሳይሟላ የመጣ ሰው አልጋ አግኝቶም ቀን ይባክንበታል፤ በእጅጉ የሚያሳዝን ነገር ነው። «ፖስት ኮሌሲስቴክቶሚ (ሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ)፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የኦፕሬሽን ኖቱ ፎቶ ኮፒ ከነቀኑ፣ በክፍት ነው በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ)፣ ክሊፕ ወይም ክር የት ገባ፣ ደም በዝቶ ነበር ወይ (የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ አብሮ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል)፣ ድሬኑ የት እንዳለ፣ የየቀኑ መጠንና ቀለም፣ የላቦራቶሪ ውጤቶች ከነቀናቸው። ሲቲ ከተነሣ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን ሲዲው ይምጣ። የቀዶ ሐኪሙ ስልክም ይጻፍ።

ደውላችሁ ላኩ። ኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሐሞት ቱቦን ማያና ማከሚያ) በዚያ ሳምንት ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በከንቱ የሚኬድ መንገድ አይደለም። የጤና መድህን ያላቸው ያለ ሪፈር ወረቀት ከሄዱ ወጪው በራሳቸው ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ወረቀቱን ከመነሣታቸው በፊት አስጨርሱላቸው። ለቤተሰብም ቱቦው ሳይጎዳ እንዳልቀረ በግልጽ ንገሯቸው። ካልተነገራቸው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ወደ ባህል መድኃኒት ይወስዱታል።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደባርቅ
እግዜር ይስጥልን። ከወራት በኋላ ቢጫ ሆነው የሚመጡትስ?

ቀዶ ሐኪም፣ ጎንደር
እነዚህ ቱቦአቸው የጠበበ ወይም ጠጠር የቀረባቸው ናቸው፤ በእኛ አገር አስካሪስም (ወስፋት) ቱቦ ውስጥ ይገባል። ማሳከክ፣ የጠቆረ ሽንት፣ የነጣ ሰገራ፣ ከፍ ያለ አልካላይን ፎስፋታዝ (ሐሞት ሲታገድ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) ይኖራል። አልትራሳውንዱ እዚህ ላይ ይረዳዎታል፣ ቱቦው ይሰፋልና። ጠባሳው የት እንዳለ የሚያሳየው ኤምአርሲፒ (የሐሞት ቱቦ ኤምአርአይ) ነው፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ኢአርሲፒ ከተዘጋበት በታች ያለውን ብቻ ያሳያል። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበቱ ይጠነክራል። አጣዳፊ ሳይሆን ከመጣ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ያስይዙለት። ብርድ ብርድ እያለው፣ እያንቀጠቀጠው፣ ትኩሳት ይዞ ከመጣ ግን አንቲባዮቲኩን ጀምረው በዚያው ዕለት ይላኩት።