ነገ ከተራ ነው፤ አዲሱ ካሜራዬ ፎከስ አላደርግም አለኝ

ብርሃን ፈላጊ (ጎንደር፣ ማራኪ)፦
ቶሎ ያየ ሰው ይርዳኝ። መስታወት አልባ ካሜራ ከነአዳፕተሩ (አሮጌ ሌንስ ከሚያስገጥመው ቀለበት ጋር) ገዛሁ፤ ኒኮን ዜድ 6 ሁለት ነው። የቆየውን 50 ሚሊሜትር ሌንሴን ስገጥምበት ካሜራው ሌንሱን ያውቀዋል፣ ፎቶም ያነሳል፣ ፎከስ ግን ፈጽሞ አያደርግም። ቁልፉን በግማሽ ስጫነው ድምፅ እንኳ የለውም። ሌንሱ በአሮጌው ካሜራዬ ላይ በደንብ ይሠራ ስለነበር የተበላሸው አዳፕተሩ ነው። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ነገ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ፎቶ ላነሳ ቃል ገብቻለሁ። ጎንደር ውስጥ አዳፕተር የሚጠግን ሰው ታውቃላችሁ?

የፒያሳው፦
እህቴ፣ አትደንግጪ። ካሜራውን አጥፊና ባትሪውን አውጪ። ከዚያ በሌንሱና በአዳፕተሩ ላይ ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ጥረጊያቸው። ብዙ ጊዜ አቧራ ነው።

ነባር እጅ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝሽውን ዕቃ እወቂው። የኒኮን አሮጌው የሌንስ መግጠሚያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከመግጠሚያው እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ (ምስሉን እስከሚቀበለው ክፍል) ያለው ርቀት 46.5 ሚሊሜትር ነው። በአዲሱ ዜድ ከሌንሱ ጀርባ የነበረው አንጸባራቂ መስታወት ስለወጣ ርቀቱ 16 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። አዳፕተር የምትይው የቀረውን 30.5 ሚሊሜትር የሚሞላ ቀለበት ነው፤ በውስጡ ምንም የሌንስ ብርጭቆ የለም። ለከተራ ግን ከፎከሱ ይልቅ ብርሃኑ ያሳስበኛል። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ነው የሚወጣው፣ የጥር ፀሐይ ደግሞ ቀትር ላይ ኃይለኛ ነው። ካሜራው የጥቁር ዣንጥላ ጥላ ላይ ከለካ የነጠላው ጥለት ሁሉ ይጠፋል። ብርሃን መለኪያውን ለደማቁ ክፍል ቅድሚያ ወደሚሰጠው አማራጭ አዙሪው። ጥላውን በኋላ በኮምፒውተር ታነሺዋለሽ፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

የቀሃ ልጅ፦
ነጥቦቹን በጨርቅ ጥረጊያቸው። የእኔም እንዲሁ ሆኖ በዚህ ነው የዳነው።

የፒያሳው፦
ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሌንስ ፈቺ (ባሕር ዳር)፦
ጥረጋው አይጎዳም፣ ግን ችግሩ እዚያ አይመስለኝም። ካሜራው ሌንሱን ካወቀው ነጥቦቹ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ብርሃን ፈላጊ፣ «50 ሚሊሜትር» ብቻ ብለሽ አለፍሽው። ሌንሱ ላይ ከ1.8 ቀጥሎ የተጻፈው ፊደል ምንድን ነው? አሮጌው ካሜራሽስ የትኛው ነበር?

ብርሃን ፈላጊ፦
1.8 ዲ ይላል። ካሜራው ዲ 7000 ነበር። ጠርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም።

ሌንስ ፈቺ፦
እንግዲያው አዳፕተሩ ጤነኛ ነው፤ አታስጠግኚው፣ ከሻጩም ጋር አትጣዪ። ያ ሌንስ በውስጡ ሞተር የለውም። ጀርባውን አገላብጠሽ እዪው፤ ከመግጠሚያው ጠርዝ ላይ የብሎን ራስ የመሰለ ስንጥቅ ታያለሽ። ዲ 7000 በሆዱ ሞተር አለው፤ ከካሜራው የምትወጣ ትንሽ ዘንግ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ሌንሱን ታዞረው ነበር። የምትሰሚው የነበረው ጩኸት እሱ ነው። አዳፕተሩም ሆነ ዜዱ ያችን ዘንግ አልያዙም። በዚህ አዳፕተር አውቶፎከስ (በራሳቸው ፎከስ) የሚያደርጉት በስማቸው ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ያለባቸውና ጥቂት የቆዩ ኤኤፍ-አይ ሌንሶች ናቸው፤ ሞተራቸው በራሳቸው ውስጥ ነው።

አሮጌው ካሜራ እጅሽ ላይ ካለ ነገ 50ውን እሱ ላይ አድርገሽ ውጪ፤ ዜዱን ከበዓሉ በኋላ ተለማመጂው።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎረቤት፦
ካኖን ብትገዢ ኖሮ ይህ አይደርስብሽም ነበር። ካኖን በ1987 እ.ኤ.አ. መግጠሚያውን ሲቀይር ሞተሩን በየሌንሱ ውስጥ ስላስገባው፣ የዚያን ጊዜው ሌንስ እንኳ ዛሬ በአዳፕተር አውቶፎከስ ያደርጋል።

ነባር እጅ፦
እውነት ነው፤ ግን ለዛሬ ማታ ምን ይጠቅማታል?

አዘዞ፦
የካሜራውን ሶፍትዌር አዲስ አድርጊው፣ ምናልባት ይስተካከላል።

ሌንስ ፈቺ፦
በፍጹም! ሶፍትዌር ሞተር አያበቅልም። በበዓል ዋዜማ ማታ ሶፍትዌር መጫን ደግሞ ለካሜራው አደጋ ነው፤ መሐል ላይ ባትሪው ቢያልቅ ካሜራውን ልታጪው ትችያለሽ።

ብርሃን ፈላጊ፦
አሮጌውን ካሜራ ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ደብረ ታቦር ነው። ታዲያ ነገ ምን ላድርግ?

የማዕጠንት ጭስ፦
ታቦት እንኳን አውቶፎከስን ንጉሥንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ቀድመሽ ፎከስ አድርገሽ ጠብቂው! የምሬን ነው። የአፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚወስነውን) ቀለበት 22 ላይ ቆልፊው፣ አፐርቸሩን ከካሜራው ስጪ፦ ኤፍ 8። ከዚያ 5 ሜትር ያህል ርቆ ያለ አጥር ወይም ግንድ ላይ በእጅሽ ፎከስ አድርጊና ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቂው። ከ3.5 እስከ 9 ሜትር አካባቢ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። በቀትር ፀሐይ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 200 ከ1/800 ሰከንድ ጀምሪ። መዘምራኑ እየዘለሉ ቢመጡ እንኳ አያመልጡሽም። ሰው ፊት ለብቻው ስታነሺ ፕላስተሩን ንቀይ፣ በማያው ውስጥ አጉልተሽ ዓይኑ ላይ አስተካክዪ። የፎከስ ሳጥኑ አረንጓዴ ሲሆን ደርሰሻል።

የፒያሳው፦
ፎከስ ያረፈበትን ጠርዝ በቀለም የሚያሳይ ፒኪንግ የሚባል ነገርም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ክፈችው።

የቀሃ ልጅ፦
ዲ 7000 አብዛኛውን ጊዜ 18-105 ከሚባል ሌንስ ጋር ነበር የሚሸጠው። እሱንም ለወንድምሽ ሰጠሽው?

ብርሃን ፈላጊ፦
አይ፣ እሱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለትንሹ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ አዲሱ ላይ አይሆንም ብዬ አልሞከርኩትም።

ሌንስ ፈቺ፦
ይሆናል እንጂ! ኤኤፍ-ኤስ ነው፤ በአዳፕተሩ አውቶፎከስ ያደርግልሻል። ካሜራው ራሱ ምስሉን ወደ መሐል ይቆርጠዋል፣ ከ24 ሜጋፒክስል ወደ 10 አካባቢ ይወርዳል። በኤ4 ወረቀት ለማሳተም ከበቂ በላይ ነው። አሁኑኑ ግጠሚና ሞክሪ።

ነባር እጅ፦
ሌሎች ያልጠቀሱት አንድ ነገር ልጨምር። በማግስቱ ጠዋት ጠበሉ ሲረጭ ካሜራሽን በፌስታል ጠቅልዪ፣ ለሌንሱ ፊት ብቻ ቀዳዳ ተዪ። ካሜራው ራሱ ጠብታ ይችላል፤ የ50 ሌንስሽ መግጠሚያ ላይ ግን ውኃ የሚከለክል ጎማ የለም። ሕዝቡ መዋኛው ውስጥ መዝለል ሲጀምር ከጠርዙ ራቂ። የዲ 7000 ባትሪ ተርፎሽ ከሆነም ያዢው፤ ዜዱ ላይ ይሠራል፣ ብቻ የሚያነሳው ፎቶ ቁጥር ያንሳል።

አዘዞ፦
ከበዓል በኋላ መግዛት ካሰብሽ፣ የዜድ 40 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ሌንስ ትንሽና ቀላል ነው፣ ያለ አዳፕተር ይገጠማል። በአዳፕተሩ መቀጠል ከፈለግሽ ደግሞ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር 1.8 ጂ ፈልጊ። ዲ ሳይሆን ጂ፤ ሞተሩ በራሱ ውስጥ ነው!

የማዕጠንት ጭስ (ጥር 12)፦
ብርሃን ፈላጊ፣ 18-105ቱ ሠራ? ፎቶዎቹን አሳዪን።

አዲስ ገቢ፦
እኔም ልጠይቅ፤ 85 ሚሊሜትር 1.8 ዲ አለኝ፣ ዜድ 50 የተባለውን ካሜራ ልገዛለት ነበር።

ሌንስ ፈቺ፦
ያው ነው፤ በእጅ ነው ፎከስ የምታደርገው። ዜድ 50 ደግሞ በውስጡ የንዝረት ማረጋጊያ የለውም፤ በ85 ከ1/125 ሰከንድ በታች አትውረድ።