በመስከረም የያዝሁት ዕቅድ ውርጩ ሲገባ ተቋረጠብኝ፤ እንዴት ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግል፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመጀመር ስለምፈልግ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን (ጋት) ዘንድሮ ማለፍ አለብኝ። ከዚሁ ጋር ላፕቶፕ የምገዛበትን ገንዘብ መቆጠብ፣ እንግሊዝኛዬን ማሻሻልና በየማለዳው በእግር መንቀሳቀስ ብዬ በደብተሬ ጽፌአለሁ። ለጥናት የመረጥሁት ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር፤ ልጄም ባለቤቴም ተኝተው ቤቱ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ስለሆነ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ በደንብ ሠራሁበት። ውርጩ ከገባ ወዲህ ግን ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ከብዶኛል፤ አንዱ ቀን ሲዘለል ሌላው ይከተላል፣ እሑድ ማታ ደግሞ «ከነገ ጀምሮ» እላለሁ። ፍላጎቱ አልጎደለኝም፤ የጎደለኝ አካሄዱ ይመስለኛል። በተመሳሳይ ሁኔታ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ፣ የዕቅድ ባለሙያ

እኅታችን፣ በመጀመሪያ አራቱን ነገሮች አብረን እንያቸው። እንግሊዝኛውና ፈተናው ለየብቻ መጻፍ የሚገባቸው አይደሉም፤ ለፈተናው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ እያነበቡ ከተዘጋጁ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይሠራሉ። የእግር ጉዞውን ደግሞ ወደ ሥራ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ያድርጉት፤ በባጃጅ የሚሄዱ ከሆነ ጠዋት በእግር ይሂዱና ማታ በባጃጅ ይመለሱ። እንግዲህ የራሱን ሰዓት የሚጠይቅ አንድ ግብ ብቻ ይቀራል ማለት ነው፤ እሱም ፈተናው ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው በሳምንት ውስጥ በእርግጥ የእርስዎ የሆኑትን ሰዓታት መቁጠር ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ነው ግብ የሚያስቀምጠው። የመንግሥት ሠራተኛ ከ6፡30 እስከ 7፡30 የምሳ ሰዓት አለው፤ ዓርብ ግን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሁለት ሰዓት ሙሉ ይገኛል። እኔ ብሆን ዓርብን ለሙከራ ፈተና አደርገው ነበር፤ በየሳምንቱ ሰዓት ይዞ ያለማቋረጥ ጥያቄ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ በሥራ ቀን አይገኝም። በመሥሪያ ቤታችን ዓመታዊውን ዕቅድ በሩብ ዓመት፣ በወርና በሳምንት እንከፋፍላለን፤ ለራሳችን ሕይወት ግን በመስከረም አንድ ገጽ ጽፈን እስከ ጳጉሜን አንገልጠውም። ስለዚህ የዓመቱን ግብ በቦታው ይተዉትና እሑድ እሑድ የሚቀጥለውን ሳምንት ብቻ ይጻፉ።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን፣ በሥነ ልቦና የተመረቀ

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርበት ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፤ በመስከረም የተመረጠ የንጋት ሰዓት ለታኅሣሥ አይሆንም። ስለዚህ እርስዎ ሰነፉ ብዬ አላምንም፤ ሰዓቱ ከወቅቱ ጋር አልተስማማም። እስከ የካቲት ድረስ ጥናቱን ወደ ምሳ ሰዓት ወይም ከሥራ እንደወጡ ወዳለው ጊዜ ያዛውሩት፤ ቤት ገብተው ምድጃ አጠገብ ከተቀመጡ በኋላ ግን መነሣቱ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የውሳኔው አጻጻፍ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች በገና ዕረፍት አንድ አጭር ጽሑፍ ጽፈው እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር። መቼና የት ሆነው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሲፈጽሙ፣ ካልወሰኑት የፈጸሙት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «በርትቼ አጠናለሁ» ከማለት ይልቅ «ምሳዬን በልቼ እጄን እንደታጠብሁ ከቢሮው መዝገብ ክፍል ገብቼ አሥር ጥያቄ እሠራለሁ» ብለው ይጻፉ። መሰናክሉንም አብረው ይጻፉት፤ «አለቃዬ በምሳ ሰዓት ሥራ ቢሰጠኝ፣ አሥሩን ጥያቄ ማታ ልጄ እንደተኛ እሠራለሁ»።

አንድ ቀን ሲዘለል ሁሉም እንደፈረሰ አድርገው አይቁጠሩት። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ባካሄዱትና በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት አንድ ተግባር ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንዳልጎዳውም ታይቷል። የሚጎዳው «ከሰኞ ጀምሮ» እያሉ የቀሩትን ቀናት አብሮ መተው ነው።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት፣ ነጋዴ

እኛ ቆላ ላይ ስላለን የንጋት ሰዓት ነው የሚመቸን፤ ስለዚህ በሰዓቱ ጉዳይ አልገባም። ስለ ቁጠባው ግን ልናገር። በራሳችን የምናስቀምጠውን ገንዘብ በትንሹም በትልቁም እየነካን የምንጨርስ ሰዎች፣ የእቁብ ክፍያ ግን ተበድረንም ቢሆን አናሳልፍም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ጸሐፊው ስምዎን ይጠራል፣ ዋስ የሆነልዎ ሰውም አለ፣ ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ የእርስዎን ገንዘብ ይጠብቃሉ። ላፕቶፑን በእቁብ ይግዙት፤ ሲገቡ ግን ዙሩ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቀው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የሚያበቃውን ይምረጡ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልዎ በዚያው ሳምንት ይግዙ፤ ገንዘቡ ቤት ከዋለ ሌላ ቀዳዳ ያገኛል።

ጥናቱንም በዚሁ ሥርዓት ቢይዙት እመክራለሁ። ፈተናውን የሚወስዱ ሁለት ሦስት ባልደረቦች አይጠፉም። ዓርብ በምሳ ሰዓት ተገናኝታችሁ እያንዳንዳችሁ በሳምንቱ የሠራችሁትን ወረቀት አስቀምጡ፤ ያልሠራ የቡና ይክፈል።

መልስ፦ ከአንኮበር፣ ጡረታ የወጡ መምህር

ልጄ፣ የተሰጠሽ ምክር ሁሉ መልካም ነው፤ በቅጣቱ ላይ ግን አልስማማም። ለብዙ ዓመታት ባስተማርሁበት ጊዜ ያየሁት፣ ቅጣት ያለበት ቡድን ያልሠራውን ሰው ከቡድኑ እንደሚያስቀረው ነው፤ ሰውየው ገንዘቡን ሳይሆን ዓይን ዓይኑን መታየቱን ይፈራል። ያልሠራውም ባዶ እጁን ይምጣና እዚያው ተቀምጦ ይሥራ።

ከዚህ ይልቅ ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ጥናትሽን የበላው ብርዱ ብቻ አይመስለኝም። የሌሊቱን 11 ሰዓት የመረጥሽው ሌላው ሰዓት ሁሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው፤ እራቱ፣ ልጁ፣ ልብሱ አንቺን ይጠብቃሉ። ለባለቤትሽ «አግዘኝ» ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጁን አብልቶ የሚያስተኛው እሱ እንዲሆን፣ አንቺም በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ እንድትቀመጪ ቀኑን ቆርጣችሁ ተስማሙ። ባልና ሚስት በአንድ ዕቅድ ላይ ቁጭ ብለው ካልተነጋገሩ ዕቅዱ የአንዱ ትርፍ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው መዝገቡ ነው። ያጠናሽውን ሰዓት አትመዝግቢ፤ ሁለት ሰዓት መጽሐፍ ገልጦ ምንም ሳይሠሩ መነሣት ይቻላል። የሠራሽውን ጥያቄ ብዛት፣ የሳትሽውንና የሳትሽበትን ምክንያት ጻፊ። በሒሳብ ክፍል የምትስቺው ቀመሩን ረስተሽ ነው ወይስ ጥያቄውን ቸኩለሽ አንብበሽ? የሚቀጥለው ሳምንት ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ጠያቂዋ፦ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ መምህር፣ የባለቤቴን ጉዳይ በትክክል አይተውታል፤ ትናንት ተነጋግረን ማክሰኞና ሐሙስን ወስኗል። ዓርብም ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለመጀመር ተስማምተናል። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል፤ በወር መጨረሻ ሒሳብ ስንዘጋ በምሳ ሰዓት እንኳ ከወንበራችን አንነሣም፣ ከዚያ ደግሞ ገናና ጥምቀት ተከታትለው ይመጣሉ። እነዚያን ሳምንታት ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ፣ የዕቅድ ባለሙያ

እነዚያ ሳምንታት እንደሚመጡ አሁን ስለሚያውቁ በካላንደር ላይ አሁኑኑ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ለእነሱም ሌላ ልክ ይስጧቸው። ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት የቀን ድርሻዎ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይሁን፣ እነሱም ቀድመው የሳቷቸው ይሁኑ፤ አዲስ ርዕስ አይጀምሩ። የገናና የጥምቀት ዕለት ምንም አይጻፉ፣ ከቤተሰብዎ ጋር ያክብሩ። ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ የሚመለሱበትን ቀን፣ ሰዓትና የመጀመሪያውን ጥያቄ የገጽ ቁጥር ሳይቀር ከበዓሉ በፊት ጽፈው በመጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጡ። ለባልደረቦችዎም ያንኑ ቀን ይንገሯቸው፤ ሦስታችሁም በአንድ ቀን ትመለሳላችሁ።