በኢንተርኔት በሚሞላ የደንበኛ ቅጽ ላይ ተሽከርካሪ ለሚያስገባ ሰው የሸቀጥ ጥያቄ እንዳይመጣበት ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አነስተኛ የጉምሩክ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ የደንበኞችን መረጃ የምቀበለው እኔ ነኝ። ቀደም ሲል ደንበኛው ሰነዱን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ይልክልን ነበር፤ አንድ ነገር በጎደለ ቁጥር ግን ሐረጎን ወርዶ ከደሴ እንዲመጣ እንጠይቀው ስለነበር፣ ባለፈው ወር በጉግል ፎርምስ ቅጽ አዘጋጀሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚያስገቡት ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን ምርጫዎቹ ተሽከርካሪ፣ ማሽነሪ እና ሸቀጥ ናቸው። ተሽከርካሪ ያለ ሰው የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ሸቀጥ ያለ ደግሞ የጥቅል ብዛትና ክብደት ብቻ እንዲጠየቅ ነበር ሐሳቤ። ትናንት ግን አንድ አዛውንት ደንበኛችን ደውለው «ልጄ፣ እኔ ያመጣሁት አንድ አይሱዙ ነው፤ ይኸ ነገር ስንት ካርቶን ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው?» አሉኝ። ጥያቄው ሳይመለስ የማይታለፍ በመሆኑ ሌሎች ደንበኞች ዜሮ እየጻፉ ማለፋቸውንም በኋላ አየሁ። ከዚህ ሌላ ተሽከርካሪና ሸቀጥ አብሮ የሚያስገባ ደንበኛ አለን፤ እሱንስ እንዴት ላስተናግደው?

መልስ፣ ከደሴ
እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሣውን መንገድ በትክክል እንዳበጀሽው እገምታለሁ፤ የቀረው የክፍሎቹ፣ ማለትም ቅጹ የተከፈለባቸው ገጾች፣ መጨረሻ ነው። ጉግል ፎርምስ አንድ ክፍል ሲያልቅ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ በተራ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ስለዚህ ደንበኛሽ ወደ ተሽከርካሪው ክፍል በትክክል ገብተው፣ እሱን ሲጨርሱ ቅጹ ወደ ማሽነሪውና ወደ ሸቀጡ አሻግሯቸዋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ግርጌ ያለውን ምርጫ ከፍተሽ ሦስቱንም ሰነድ ወደሚያያዝበት የመጨረሻ ክፍል ምሪያቸው።

ሁለቱን አብሮ ለሚያስገባው ደንበኛ ብለሽ ጥያቄውን ብዙ መልስ ወደሚቀበለው ዓይነት እንዳትቀይሪው፤ በመልሱ መሠረት ወደ ሌላ ክፍል መምራት የሚቻለው አንድ መልስ ብቻ በሚመረጥባቸው ጥያቄዎች ነው። እኔ በሒሳብ ሥራ ቢሮዬ የማደርገው ጥያቄውን መበተን ነው፦ «ተሽከርካሪ አለዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ አዎ ካለ የተሽከርካሪውን ክፍል ሞልቶ፣ የለም ካለ ደግሞ በቀጥታ «ሸቀጥ አለዎት?» ወደሚለው ይሄዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ መንገድ የሚለይ ጥያቄ ከአንድ በላይ ባይኖር ይሻላል። ስምና ስልክን የመሳሰሉ የጋራ ጥያቄዎችንም መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂ፤ በየክፍሉ ከደገምሻቸው በመልስ ሰንጠረዡ ላይ የአንዱ ደንበኛ ስልክ በአንድ ዓምድ፣ የሌላው በሌላ ዓምድ ይገባና ስትፈልጊ ትደክሚያለሽ።

ሌላ መልስ
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ በእርዳታ ሥራ መረጃ ስሰበስብ የለመድኩት ኮቦ ቱልቦክስ የተባለውን የቅጽ ማዘጋጃ ስለሆነ እሱን ላመልክትዎት። እዚያ «ይህ የሚታየው እንዲህ ብሎ ለመለሰ ሰው ብቻ ነው» የሚለው ሁኔታ የሚታሰረው በክፍል ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይም ስለሆነ፣ ሁለት መልስ የሚመርጥ ሰው የሁለቱም ጥያቄዎች ይከፈቱለታል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሞላል። ሰነድ ማያያዝን በተመለከተም፣ በጉግል ፎርምስ ፋይል የሚልክ ደንበኛ በጉግል አካውንት መግባት ግድ ይሆንበታል፤ ይህ ለአዛውንቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከሁሉ በላይ ግን የማይመለከተውን ሰው አለመጠየቅ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያስቡበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለሥራው የማያስፈልግ የግል መረጃ መሰብሰብ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው።

ጠያቂ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው በጉግል ፎርምስ ቀጥያለሁ። መንገዶቹን በወረቀት ላይ በቀስት ሥዬ፣ እያንዳንዱን እንደ ደንበኛ ሆኜ በስልኬ ሞላሁት፤ የተሽከርካሪው ሲስተካከል የማሽነሪው አሁንም ወደ ሸቀጥ ሲያልፍ ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ግርጌውን ረስቼው ነበር። ሰነዱን እንደ ቀድሞው በቴሌግራም እቀበላለሁ። አዛውንቱ ዛሬ ጠዋት አዲሱን ቅጽ ሞልተው ልከውልኛል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ተሟልቷል፣ ስለ ካርቶንም የጠየቃቸው የለም።