የሪሞት ጀልባዬ የሸራ ዊንች መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይጮሃል፣ መሪውም አብሮ ይሞታል

አራት ኪሎ_ልጅ፦
ሰላም ሰዎች፣ የሪሞት ጀልባ የሚገባው ካለ እስቲ ይተባበረኝ። አንድ ሜትር ገደማ የሆነች ባለሸራ እየሰራሁ ነው፣ ዊንቹ (የሸራውን ክር የሚስበው ሞተር) 3.5 ዙር የሚዞረው ሂቴክ 785 ነው፣ ድራሙ (ክሩ የሚጠቀለልበት) 30 ሚሜ፣ ባትሪው 4 ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ። ሸራውን እስከመጨረሻው ስስበው ዊንቹ እየጮኸ ይቆማል መሪውም እምቢ ይላል፣ ሳላላው ደሞ ክሩ ከድራሙ ወጥቶ ስር ይጠመጠማል። ሌላ ልግዛ እንዴ? ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቁ ራሱ አድካሚ ነው።

ካቻቢቴ፦
ኧረ ገንዘብህን ያዝ ብሮ ዊንቹ ደህና ነው። ቡሙ (ከሸራው ስር ያለው አግዳሚ ዘንግ) መሃል ደርሶ ክሩ ተወጥሮ አልቋል፣ ሪሞቱ ግን ገና አዙር እያለው ነው፣ ምን ያድርግ ታዲያ ይጮሃል። ክሩን ፍታና ባዶውን አዙረው፣ ካልጮኸ ጉዳዩ አለቀ። የሪሞቱን ስቲክ ወደራስህ ጎትተህ (ወደራስ ሲጎተት ሸራ ይሰበሰባል፣ ልማዱ እንደዛ ነው) ድራሙ በቆመበት፣ ቡሙን ከመሃል መስመር ትንሽ ወጣ አድርገህ እሰረው። ሪሞትህ ኤንድ ፖይንት (ዊንቹ የት ድረስ እንደሚዞር የሚወስን ማስተካከያ) ካለው በሱ ቀንስለት፣ ከሌለው ቋጠሮውን እያዛወርክ ነው የምታስተካክለው።
ሒሳቡ ደሞ 30 በ3.14 በ3.5፣ ወደ 33 ሳንቲ ክር ይሰጥሃል። ቡሙ ላይ ከመዞሪያው 25 ሳንቲ ርቀህ ካሰርክ 80 ዲግሪ አለፍ ብሎ ይከፈታል፣ ከዛ ርቀህ ካሰርክ ግን ንፋስ ከኋላ ሲመጣ ሸራህ በደንብ አይከፈትም። የፊቷንም ሸራ ከራሷ መዞሪያ በዛው ርቀት እሰራት አለበለዚያ አንዷ ቀድማ ትከፈታለች።

ቮልት251፦
መሪው የሞተው በባትሪ ነው። 4 ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ 4.8 ቮልት ነው፣ ዊንቹ ሲታገል ቮልቴጁ ይወርድና ሪሲቨሩ (ጀልባዋ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው) ይጠፋል። 5 አድርገው 6 ቮልት ይሆናል፣ ዊንቹ እስከዛ ይችላል። የዊንቹን ፓወር ከባትሪው በቀጥታ ውሰድ፣ ከሪሲቨሩ ሲግናሉ ብቻ ይምጣ፣ ጥቁሩ ሽቦ (ኔጌቲቩ) ግን የጋራ ይሁን።
ትልቅ ዊንች ግዛ የሚልህን አትስማ። አዲሳባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ ወደ 20 ፐርሰንት የሳሳ ነው፣ በተመሳሳይ ንፋስ ሸራው ላይ ያለው ጉልበትም በዛው ልክ ያንሳል።

አራት ኪሎ_ልጅ፦
ተባረኩ፣ ባዶውን አይጮህም! የሚጠመጠመውስ?

ካቻቢቴ፦
እሱ የሚሆነው ክሩ ሲላላ ነው። ክሩን ከድራሙ ወደፊት ወስደህ በፑሊ (ክር የሚዞርባት ትንሽ ጎማ) አዙረህ ወደ ድራሙ መልሰውና ቀለበት ይሁን፣ በአንድ ጎን ሲጠቀለል በሌላው ይፈታ፣ ፑሊውን በላስቲክ ወጥረው። የሸራውን ክር እዚሁ የክር ቀለበት ላይ ነው የምታስረው። ላስቲኩ ቀጭን የልብስ ላስቲክ ይበቃዋል፣ መርካቶ ሞልቷል።

ቮልት251፦
ስትጨርስ የት ልትነዳት ነው? ወዳጅነት ፓርክ ከሆነ ጥበቃዎቹን ቀድመህ ጠይቅ፣ እኔ ብሆን ግን ቢሾፍቱ ሆራ ነበር የምወስዳት።