«እስከ አርብ» በእንግሊዝኛ ባይ ነው አንቲል? ኢን፣ ኦን እና አትም አልገቡኝም

ግራ_የገባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ቦታ አንድ ጽሑፍ ለአርብ አድርሺ ተባልኩና ለአለቃዬ «አይ ዊል ፊኒሽ ኢት አንቲል ፍራይደይ» ብዬ ጻፍኩላት። «እስከ አርብ እጨርሳለሁ» ማለቴ ነው በቃ። እሷ ግን «ባይ ፍራይደይ ማለትሽ ነው አይደል?» ብላ መለሰችልኝ። አዎ አልኳት፣ ልዩነቱ ግን እስካሁን አልገባኝም። ሁለቱም «እስከ» አይደሉም እንዴ? ሌላም አለኝ። ኢን ዘ ሞርኒንግ ይባላል፣ ኦን መንደይ ሞርኒንግ ይባላል፣ ከዚያ ደግሞ አት ናይት! ጠዋት ያው ጠዋት ነው፣ ምን ቀየረው? ሸምድጄ ሸምድጄ ደከመኝ።

ቀዩ_እስክሪብቶ፦
ጉድ የሠራሽ «እስከ» ነው፣ አማርኛው ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል። «እስከ አርብ እቆያለሁ» ስትዪ መቆየቱ ሳይቋረጥ አርብ ድረስ ይሄዳል፤ እሱ አንቲል ነው። «እስከ አርብ አደርሳለሁ» ስትዪ ግን ማድረሱ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ ማታ ግድ የለም፣ ብቻ ከአርብ አይለፍ፤ እሱ ባይ ነው። እኔ የምፈትነው «ባለው ጊዜ ውስጥ» የሚለውን አስገብቼ ነው። «እስከ አርብ ባለው ጊዜ ውስጥ አደርሳለሁ» ጆሮ አይቆረቁርም፣ ስለዚህ ባይ። «እስከ አርብ ባለው ጊዜ ውስጥ እቆያለሁ» በይ እስቲ። አይሆንም አይደል? አንቲል።

ዝም_ያልኩት፦
ልክ ነው፣ ግን አሉታ ሲመጣ ተጠንቀቂ። «አይ ዎንት ፊኒሽ ኢት አንቲል ፍራይደይ» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፣ «ከአርብ በፊት አልጨርስም» ማለት ነው። አለቃሽ ይህን ብታነብ ግን ደስ አይላትም።

ማታ_አንባቢ፦
ስለ ጠዋቱ፦ ሰዓት አት ይወስዳል፣ ቀን ኦን፣ ወርና ዓመት ኢን። ጠዋት ብቻውን ሲሆን ኢን ነው፣ የቀን ስም ከፊቱ ከገባ ግን ቀኑ ያሸንፍና ኦን ይሆናል። አት ናይት እንዲሁ የለመደ አባባል ነው፣ እሱን ብቻ ሸምድጂው። የሚያስቀኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ እኛ «ሰኞ እመጣለሁ» ስንል ምንም አንጨምርም፣ እነሱ ኦን መንደይ ይላሉ። እኛ «በሚቀጥለው ሰኞ» ስንል «በ» እናስገባለን፣ እነሱ ኔክስት መንደይ ብለው ባዶውን ይተዉታል። ላስት፣ ዚስ እና ኤቭሪም እንደዚያው ናቸው። «ኦን ኔክስት መንደይ» ስንቴ እንደጻፍኩ አልነግራችሁም።

ቀዩ_እስክሪብቶ፦
አንድ የረሳነው አለ። «አይ ዊል ኮል ዩ ኢን ቱ አወርስ» ያለሽ ሰው የሚደውለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ለማለት ዊዚን ነው የሚሻለው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ።

ግራ_የገባት፦
እሺ ልሞክር። «አይ ዊል ቢ ሂር አንቲል ፋይቭ፣ በት አይ ዊል ሴንድ ኢት ባይ ፎር»። ልክ ነኝ?

ቀዩ_እስክሪብቶ፦
ልክ ነሽ። አሁን ጽሑፉን ጨርሺ፣ ነገ አርብ ነው።