የማሰለፊያ ቱልባር፦ ክፍተቱ እኩል አይመጣም፣ አይከኑም ይደበዝዛል

ነጠብጣብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብሮውዘር ላይ ለሚሠራ የዲያግራም መሣያ የማሰለፊያ ቱልባር እየሠራሁ ነው። ስፋታቸው 120፣ 80 እና 40 ፒክስል የሆኑ ሦስት ሳጥኖች፣ ከዳር እስከ ዳር 400 ፒክስል ይዘው፣ «እኩል አራርቅ» ሲባሉ አንዱ ክፍተት 60፣ ሌላው 100 ይሆናል። ሌላው ችግር፣ የ«መሀል ለመሀል» አይከን 16 በ16 ላይ መስመሩ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ኤስቪጂ (በመስመርና በቅርፅ የሚገለጽ የሥዕል ፎርማት) ነው፤ የ1 ፒክስል ቋሚ መስመር፣ ኤክስ 8 ላይ፣ ማለትም ከግራ ጠርዝ 8 ፒክስል ርቆ።

ባለማስመሪያው፦
ኮድህ እያራራቀ ያለው የሳጥኖቹን መሀል ነው። የዳርና ዳሩ መሀል 60 እና 380 ስለሆነ መካከለኛውን 220 ላይ ያስቀምጠዋል። ሰው የሚያየው ግን ክፍተቱን ነው። ከ400 የስፋቶቹን ድምር 240 ቀንስ፣ የቀረውን 160 ለ2 አካፍል፤ ክፍተቱ 80፣ የግራ ጠርዞቹ 0፣ 200 እና 360 ይሆናሉ። መጀመሪያ ግን ቅርፆቹን በተመረጡበት ሳይሆን በቦታቸው ቅደም ተከተል ደርድር፤ ያለዚያ እርስ በርስ ይዘላለላሉ።

ክፍተቱን አጠጋግተህ አትደምር። 10 ቅርፅ ኖሮ ክፍተቱ 33.33 ቢሆንና 33 ብትይዘው የመጨረሻው 3 ፒክስል ወደ ኋላ ይቀራል። እያንዳንዱን ቦታ ከመነሻው በሙሉ ክፍልፋዩ አስላና መጨረሻ ላይ ብቻ አጠጋጋ። አገናኝ መስመሮችን ከስሌቱ አውጣቸው፣ ቅርፁን ተከትለው ይመጣሉ። የዞረ ቅርፅ ከሆነም ዞሮ የሚይዘውን ሳጥን ለካ እንጂ የድሮ ስፋቱን አይደለም።

ቀለምቀንድ፦
አይከኑ ላይ፦ ኤስቪጂ መስመሩን ግማሽ በግራ ግማሽ በቀኝ ስለሚያሰምር ኤክስ 8 ላይ ያለው ከ7.5 እስከ 8.5 ይይዛል። ሁለት ፒክስል በግማሽ ግማሽ ተቀቡ ማለት ነው፤ ግራጫው እሱ ነው። ወደ 7.5 ብታመጣው ይጠራል፣ ግን 16 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ መሀል አይሆንም። ስለዚህ መስመሩን 2 ፒክስል አድርገው፣ ከ7 እስከ 9። አይከኑ ላይ ቅርፆቹን የሚወክሉት ሁለቱ አግድም ዘንጎችም ርዝመታቸው ተጋማሽ ቁጥር ይሁን፦ አንዱ 14፣ ሌላው 8።

የስክሪኑ ማጉያ 125 ፐርሰንት ላይ ሲሆን 16ቱ 20 ይሆናል፣ 2ቱ 2.5፤ ድብዘዛው ይመለሳል። ለ20 ለብቻው ሣል። የዘንጎቹ ርዝመት ደግሞ በጉልህ ይለያይ። እኩል ከሆኑ ግራና ቀኝ ማሰለፊያው የሚለየው በመስመሩ ብቻ ነው፣ በትንሹ ማን ያያል? የአይከኑ ቀለምም ከጀርባው ጋር ያለው የብሩህነት ንፅፅር ቢያንስ 3 ለ 1 ይሁን።

ነጠብጣብ፦
ክፍተቱ 80፣ 80 መጣ። ለመሆኑ በምን ላይ ይሰለፉ? የተመረጡትን ሁሉ በሚከብበው ዙሪያ ሳጥን ነው ወይስ በአንዱ ቅርፅ?

ባለማስመሪያው፦
የዲያግራም ፕሮግራሙ ቪዚዮ መጀመሪያ በተመረጠው ላይ ያሰልፋል፣ የሥዕል ፕሮግራሙ ኢንክስኬፕ ደግሞ ለተጠቃሚው ምርጫ ይሰጣል። ለዲያግራም እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ያ ሳጥን ንቅንቅ ስለማይል። ግን ወፍራም ጠርዝ አድርግለት፣ የትኛው እንደሆነ ይታይ።

ቀለምቀንድ፦
እኔ አልስማማም። በማውዝ ጎትቶ ለመረጠ ሰው «መጀመሪያ» የሚባል የለም፤ ያኔ ዙሪያ ሳጥኑን ያዝ። አንድ በአንድ ከመረጠ ግን እሱ እንዳለው ይሁን።

ደግሞ «አግድም አሰልፍ» የሚል ጽሑፍ አይከኑ ሥር አታድርግ፤ ግማሹ ሰው ጎን ለጎን መደርደር ይመስለዋል። «የግራ ጠርዝ»፣ «የላይ ጠርዝ» በለው።