ባለ ሁለት ደረጃ የኋላ ማብሪያን ወደ ሌላ የእጅ ባትሪ ማዛወር፦ ዝቅተኛው ብርሃን ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?

ጥያቄ፣ ከ«ድንግዝግዝ»

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት የእጅ ባትሪዎች አሉኝ፤ ሁለቱም ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ድንጋይ ሁለት ሁለት ይጎርሳሉ። የአሮጌው የኋላ ማብሪያ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ገፋ ሲደረግ ደብዛዛ፣ ጠለቅ ተደርጎ ሲጫን ደግሞ ሙሉ ብርሃን ይሰጣል። አዲሱ በብርሃን ጥንካሬ እጅግ ቢበልጠውም ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ በቅርብ ለማንበብ ስጠቀምበት ዓይን ያጥበረብራል። የሁለቱ ክዳኖች ጥርስ አንድ ዓይነት ሆኖ ስላገኘሁት የአሮጌውን ማብሪያ ወደ አዲሱ አዛወርሁት። ሙሉው ብርሃን ያለ ችግር ይሠራል፤ በዝቅተኛው ደረጃ ግን መብራቱ በመደብዘዝ ፈንታ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል። ድንጋዮቹ አዲስ ናቸው፤ ጥርሱንም በአልኮል ጠርጌአለሁ። ጥፋቱ የአገጣጠሜ ነው ወይስ ማብሪያው ለዚህ ባትሪ አይሆንም?

መልስ፣ ከ«ባለመበየጃ»

የአገጣጠም ጉድለት አይመስለኝም፤ ክዳኑ ላልቶ ቢሆን ኖሮ ሙሉው ብርሃንም ይቆራረጥ ነበር። እንዲህ ያሉ ማብሪያዎች ብዙውን ጊዜ በውስጣቸው አንዲት ሬዚስተር (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን፣ የምትገታ ትንሽ ዕቃ) ይይዛሉ፤ በመጀመሪያው ግፊት የድንጋዩ ኔጌቲቭ ጫፍ ከቱቦው ጋር የሚገናኘው በእርስዋ በኩል ሲሆን፣ ጠለቅ ተደርጎ ሲጫን ግን ሬዚስተሯ ታልፋ ግንኙነቱ ቀጥታ ይሆናል። ዘዴው የሚያዋጣው በባትሪው ራስ በኩል ያለው አምፖል ወይም ኤልኢዲ የደረሰውን ብቻ የሚወስድ ሲሆን ነው። ብርሃኑን ባለበት ለማቆየት የሚታገል ሰርኪት ካለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ሰርኪቱ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ሬዚስተሯ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ይበዛል፣ በመጨረሻም ሰርኪቱ አቅም አጥቶ ይጠፋል፤ በጠፋበት ቅጽበት ደግሞ ቮልቴጁ ተመልሶ ይነሣና እንደገና ይበራል። እርስዎ የሚያዩት ይህንኑ መመላለስ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ክዳኑን ለብቻው አውጥተው በመጀመሪያው ደረጃ እንደ ያዙት በሞላውና ከቱቦው ጋር በሚነካካው ጠርዝ መካከል ያለውን ኦም (የመግታት መጠን) ይለኩ። የአዲሱን ራስ መክፈት ከቻሉም ሽቦ የተጠመጠመበት ትንሽ ጥቅል መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ፣ ሰርኪቱ የዚህ ዓይነት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ጠያቂው፣ «ድንግዝግዝ»

እንዳሉት አድርጌአለሁ። በመጀመሪያው ደረጃ 15 ኦም፣ በሁለተኛው ዜሮ ለማለት የሚያስደፍር ቁጥር አነበብሁ፤ ጥቅሉም አለ። ክዳኑን አውልቄ መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መሰኪያው በኩል በድንጋዩ ጫፍና በቱቦው ጠርዝ መካከል ሳገናኝ፣ በሙሉ ብርሃን የሚስበው 0.5 አምፔር ያህል ነው። እንግዲያው 15 ኦሟን አንሥቼ በ2 ኦም ብተካት ይስተካከላል?

መልስ፣ ከ«ቴስተር»

አይስተካከልም፤ ምክንያቱን በራስዎ ቁጥሮች እንመልከት። 6 ቮልት በ0.5 አምፔር ሲባዛ ሰርኪቱ የሚፈልገው 3 ዋት ያህል ነው። በ15 ኦም ሬዚስተር ውስጥ አልፎ ከ6 ቮልት ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል ግን 0.6 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ሰርኪቱ ምንም ቢታገል የሚፈልገውን አያገኝም። ሬዚስተሯ 2 ኦም ስትሆን ጣሪያው ወደ 4.5 ዋት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሰርኪቱ ቮልቴጁ ወደ 4.7 ገደማ ቢወርድበትም፣ በዚያ ቮልቴጅ መሥራት እስከቻለ ድረስ፣ ከረንቱን ወደ 0.63 አምፔር አሳድጎ 3 ዋቱን ይወስዳል። ብርሃኑ ያው የቀድሞው ሆኖ ይቀራል፤ ትርፉ ሬዚስተሯ ላይ በከንቱ ሙቀት የሚሆነው 0.8 ዋት ነው፤ ሩብ ዋት የምትችል ትንሽ ሬዚስተር ብታስገቡማ ትቃጠላለች። በሁለቱ መካከል ሌላ ዋጋ ብትሞክሩም ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አይደበዝዝም፣ ወይ ብልጭ ድርግም ይላል።

ያው 15 ኦም ሬዚስተር ኤልኢዲው በአንድ ሊቲየም አዮን ድንጋይ ያለ ጥቅል በሚሠራበት ባትሪ ላይ ብትገባ ግን ታምራለች። ድንጋዩ 4 ቮልት፣ ኤልኢዲው በዝቅተኛ ከረንት 2.8 ቮልት ያህል ቢይዝ፣ የሚያልፈው 80 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ከረንቱን በግማሽ መቀነስ ለዓይን እምብዛም አይታወቅም፤ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ነው «ደበዘዘ» የሚያሰኘው።

መልስ፣ ከ«ባለመበየጃ»

ስሌቱን እቀበላለሁ። በዚህ ባትሪ ላይ ሁለት ደረጃ ካስፈለገ መለወጥ ያለበት በባትሪው ራስ ውስጥ ያለው ሰርኪት ነው፤ ለአፍታ ሲቋረጥ ደረጃ የሚቀይር ሰርኪት ከገባ የኋላው ማብሪያ ተራ ቢሆንም ይበቃዋል። ሲመርጡ ዲያሜትሩን ብቻ አይመልከቱ፤ በገበያ ከሚገኙት ብዙዎቹ ለአንድ ሊቲየም አዮን ድንጋይ የተሠሩ ስለሆኑ 6 ቮልት ሊያበላሻቸው ይችላል። ተራው ማብሪያም ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ገና በግማሽ ሲነካ ያበራል፤ ሌላው ተጭኖ ሲለቀቅ ያበራል፣ በርቶ ሳለ በግማሽ ሲነካም ለአፍታ ያቋርጣል። ደረጃ ለመቀየር ምቹው ሁለተኛው ነው።

ጠያቂው፣ «ድንግዝግዝ»

የአዲሱን የራሱን ማብሪያ መልሼ ገጥሜ ሞከርሁት፤ ገና በግማሽ ስነካው ይበራል። ስለዚህ ሰርኪቱን ከነማብሪያው እፈልጋለሁ፤ ባለ 15 ኦሙ ክዳን ወደ አሮጌው ቱቦ ተመልሷል።